ሦስት ጉልቻ ለሚስተር ሃርባንስ

ሉዲያና፣ ሕንድ
መስከረም 10 ቀን 1962 ዓ.ም.

ለማከብርሽ እህቴ ለወይዘሪት ሸዋረገጥ ጎሳዬ
ጅማ

ይህች ደብዳቤ ባሕር ተሻግራ ደጃችሁ ስትደርስ ሁላችሁንም በጤናና በጥጋብ ታግኛችሁ። የጋሽ ጎሳዬን ጉልበት፣ የእትዬ አሰገደችን ሁለት ጉንጭ ስሜያለሁ። እኔ የእናትሽ አክስት ልጅ ደምመላሽ ከናፍቆታችሁና ከዚህ አገር በርበሬ በቀር የሚያስቸግረኝ ነገር የለም።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። እዚህ እርሻ በምማርበት ዩኒቨርሲቲ አብዛኞቹ ተማሪዎች ሲክ የሚባል ሃይማኖት ተከታዮች ናቸው። ፀጉራቸውን አይቆረጡም፣ ጥምጥም ይጠመጥማሉ። ሃይማኖታቸውን የመሠረተው ጉሩ ናናክ የተወለደበት አምስት መቶኛ ዓመት ኅዳር 14 ስለሚውል፣ ተማሪዎች ኮሚቴ አቋቁመን አንድ ሙሉ ሳምንት ልናከብር ነው። ኤግዚቢሽን አለ፣ መዝሙር አለ፣ ለእንግዳ ሰው ጥምጥም የሚያስተምሩበት ቀን አለ። መጨረሻው ላይ ላንጋር የሚሉት ማዕድ ይዘረጋል። ድሃና ሀብታም ሳይለይ፣ ማንም ሃይማኖቱ ሳይጠየቅ፣ ሁሉም መሬት ላይ በረድፍ ተቀምጦ ሥጋ የሌለበት ምግብ ካንድ ድስት ይበላል።

እኔ በኤግዚቢሽኑ ክፍል ተመርጫለሁ። ጅማ ውስጥ ሚስተር ሃርባንስ ሲንግ የሚባል ሲክ ሒሳብ እንደሚያስተምር፣ አንቺም ከክፍሉ አንደኛ የምትወጪ ተማሪው መሆንሽን ብነግራቸው ኮሚቴው በሙሉ አጨበጨበ። ስለዚህ በጅማ እንዴት ተከብሮ እንደሚኖር የሚገልጽ፣ በራሱ እጅ የተጻፈ ግማሽ ገጽ ደብዳቤና ከጎኑ ቆመሽ የተነሣሽውን አንድ ፎቶግራፍ ከኅዳር 5 በፊት እንዲደርሰኝ አድርጊ።

እኔም ጥምጥም አድርጌ የተነሣሁትን ልኬልሻለሁ። እትዬ አሰገደች እንዳታይ።

ወንድምሽ ደምመላሽ

*

ጅማ
ጥቅምት 1 ቀን 1962

ለጋሼ ደምመላሽ

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስልህ። መንገዱ ሩቅ ነውና ደክሞት ከቀረ የኔ ጥፋት አይደለም። አባዬ ደህና ነው። እማዬ ፎቶህን እስክታይ ድረስ ደህና ነበረች።

«እትዬ አሰገደች እንዳታይ» ያልከውን ያነበብኩት ለራሷ ነው። እማዬ ማንበብ እንደማትችል፣ ደብዳቤህን ሁሌ ጮክ ብዬ እንደማነብላት ረሳኸው እንዴ? እዚያች ቃል ላይ ስደርስ አፌ ቶሎ አልቆመም። ፖስታውን ከእጄ ነጥቃ አየችህ። «ሰለመ ወይስ ቀሰሰ?» አለች። አባዬ ደሞ መነጽሩን አድርጎ ብዙ ካየ በኋላ «ጨርቁ ጥሩ ነው፣ አጠማጠሙ የሰነፍ ነው» አለ። ሸማኔ ስለሆነ ከሱ በላይ የሚፈርድ የለም። እኔን ከጠየቅከኝ አፉ ያልታሰረ ስልቻ ትመስላለህ። ጅማ እያለህ ቅዳሴ ላይ መቋሚያ ተደግፈህ ታንቀላፋ የነበርክ ሰውዬ፣ የሰው ሃይማኖት ላስከብር ብለህ ኮሚቴ ገባህ። ጉድ ነው።

ስለ ሚስተር ሃርባንስ ልንገርህና ኤግዚቢሽንህ ላይ ስቀለው። ጅማ ከገባ ሁለት ዓመቱ ነው፣ እስካሁን ምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። እዚሁ መርካቶ አንዲት ባልቴት ጥምጥሙን አይታ እግሩ ስር ተደፋችና «አባቴ ያሳልሙኝ» አለችው። ሰውየው ሰዓት የጠየቀችው መስሎት የእጅ ሰዓቱን አሳያት። ሳመችው። የጎረቤታችን የከድጃ አጎት ደሞ ጺሙን አይቶ «አሰላሙ አለይኩም» እያለ እስከ መስጊድ በር ሸኘው። ሥጋ ቤቶቹ ሳይቀሩ ተጨንቀዋል። የእስላም ሥጋ ይበላል የክርስቲያን? ሁለቱንም አይበላም፣ ምስርና ጎመን ብቻ። አንተም ታውቀዋለህ፣ እዚህ አገር ድግስ ሲደገስ ሁለት በሬ ይታረዳል፣ ሁለት ድስት ይጣዳል። የማንን እንደማይበላ ያልታወቀ ሰው ሃይማኖቱም አይታወቅም።

ደብዳቤውን ግን አልለምነውም። ፎቶም አልነሳም። አንደኛ የምትወጣው እህትህ ትምህርት ቤቱን ከግንቦት ወዲህ አልረገጠችም። ትቼዋለሁ። አሁን ቦሳ አዲስ ሰፈር ካለ መጋዘን ከከድጃ ጋር ቁጭ ብዬ ቡና እለቅማለሁ፣ ጥቁሩን ለብቻ፣ ነቀዝ የበላውን ለብቻ። ዲሬክተሩ የስምንተኛ ሚኒስትሪ ተፈታኞችን ስም ታኅሣሥ 10 ወደ አዲስ አበባ ይልካል። እስከዚያ አንድ ነገር ካደረግኩ ይመልሰኛል፣ ካላደረግኩ ስሜ አይሄድም። አላደርገውም። ፈተናው ካመለጠኝ ጥርሴ እስኪረግፍ ቡና ለቃሚ ነኝ፣ አውቀዋለሁ። ምክር አትላክ።

ሸዋረገጥ

*

ሉዲያና
ጥቅምት 20 ቀን 1962 ዓ.ም.

ለእህቴ ለወይዘሪት ሸዋረገጥ

የአምላክ ቸርነት ከእናንተ አይራቅ። ደብዳቤሽ ደርሶኝ በጣም አዘንኩ። ፕሮግራሙ ታትሞ ወጥቷል። አራተኛው ገጽ ላይ «ጅማ፣ ኢትዮጵያ» ተብሎ ከስሜ ጋር ተጽፏል። ጠረጴዛም ተሰጥቶኛል፣ ልብስም አልብሼዋለሁ። ባዶውን ቢቀር በዚህ ሁሉ ሕዝብ ፊት ምን እላለሁ?

ፎቶው ይቅር። ሁለት መስመርና ፊርማ ይበቃኛል። ዲሬክተሩ አድርጊ ያለሽ ነገር ምን እንደሆነ አልነገርሽኝም። ይቅርታ ከሆነ ይቅርታ መጠየቅ የሥልጣኔ ምልክት ነው። ስትጠይቂው እግረ መንገድሽን ደብዳቤውን ትቀበይልኛለሽ። የሚኒስትሪውን ነገር በሌላ ጊዜ እንጻጻፍበታለን።

እትዬ አሰገደችን አልሰለምኩም በይልኝ።

ደምመላሽ

*

ጅማ
ኅዳር 8 ቀን 1962

ጋሼ

አልሰለመም ብያታለሁ። «ታዲያ ምን ሆነ?» ነው መልሷ።

የሚኒስትሪውን ነገር በሌላ ጊዜ ትጻጻፍበታለህ አይደል? እሺ። እኔ ግን ያንተን ጉዳይ ዛሬውኑ ልዝጋልህ።

ግንቦት ላይ ሚስተር ሃርባንስ ፈተና መለሰ። ሰባተኛውን ጥያቄ በራሴ መንገድ ነበር የሠራሁት፣ መልሱ ልክ ነው። ዜሮ ሰጠኝ። «መንገዱን አሳይ» አለኝ፣ ሴትና ወንድ አይለይም፣ ሁሉንም አንተ ነው የሚለው። መልሱ ልክ ከሆነ መንገዱ ምን ያደርግልሃል አልኩት። ጠረጴዛዬ ላይ ጎንበስ ብሎ «መንገድ የሌለው መልስ ስርቆት ነው» አለ። ሌባ አለኝ ማለት ነው። የጥምጥሙ ጫፍ ዓይኔ ስር ነበር። ያዝኩና ሳብኩት።

እንዲህ ረጅም ጨርቅ ይሆናል ብዬ አልጠበቅኩም። ክፍሉ በሙሉ ሰውየው መላጣ ነው እያለ ይወራረድበት ነበር። ፀጉሩ እስከ ወገቡ ወረደ። ሳቁ፣ ሳቁ፣ ከዚያ አንድ በአንድ ዝም አሉ። እሱ ፀጉሩን በአንድ እጁ ሰብስቦ፣ ጨርቁን በሌላው ከመሬት አንሥቶ ወጣ። አልተናገረኝም። ዱላ ቢያነሣብኝ ኖሮ ተጣልተን፣ ታርቀን፣ ያልቅ ነበር። ዝም የሚል ሰው አልወድም።

ለዲሬክተሩ ሌላ ተማሪ ነው የነገረው። ዲሬክተሩ ሰልፍ ላይ አቁሞ «የሸማኔ ልጅ ጨርቅ መጎተት ለምዳ» አለኝ። እኔን ይስደበኝ፣ አባዬን ምን አገባው? ድንጋይ ተሸክመሽ፣ ተንበርክከሽ፣ በተማሪው ሁሉ ፊት ይቅርታ ትጠይቂያለሽ አለ፣ በአገሩ ወግ። ቦርሳዬን አንሥቼ ሄድኩ። አባዬ የነገርኩት ዕለት አንድ ነገር ብቻ ነው ያለው፣ «እኔ ጨርቅ ሠርቼ ሰው አለብሳለሁ፣ አንቺ ታወልቂያለሽ።» ያችን ነገር እስከ ዛሬ አልዋጥኳትም።

የምታስቅህን ደሞ ስማ። ያንተ ናናክ እዚህም ሊከበር ነው። ሚስተር ሃርባንስ የተከራየው የከድጃ ቤተሰቦች ግቢ ውስጥ ነው። እሑድ ኅዳር 14 እኩለ ቀን ላይ መቶ ሰው ላበላ ነው ብሎ መምህሩንም ነጋዴውንም ጠርቷል። የሙስሊሙ ረመዳን ከገባ ሳምንት ሊሆነው ነው፣ በእኩለ ቀን የሚጎርስ የለም። የክርስቲያኑ ደሞ ጾም የሚገባው ሰኞ ነው፣ እሑድ ቅበላ ስለሆነ ሰው ሁሉ ቤቱ ሥጋውን ሲቆርጥ ይውላል። ማን ነው ጥሬ ሥጋ ትቶ የሕንድ ምስር የሚበላ? አንተ ባዶ ጠረጴዛ ታለብሳለህ፣ እሱ ባዶ ምንጣፍ ያነጥፋል። ዘመድ ናችሁ።

ከድጃ «ማሎ፣ እባክሽ ንገሪው፣ ሰውየው ያሳዝናል» ትለኛለች። አልነግረውም አልኳት። መንገዱን ራሱ ያሳይ።

ሸዋረገጥ

*

ሉዲያና
ኅዳር 17 ቀን 1962 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ

ደስታዬን ተካፈዪኝ። ሳምንቱ በድምቀት ተፈጸመ። ከጠረጴዛዎቹ ሁሉ ብዙ ሰው የቆመው የእኔ ጠረጴዛ ዘንድ ነበር።

ከአንቺ መልስ ሲዘገይብኝ ምን አማራጭ ነበረኝ? ደብዳቤውን ራሴ ጻፍኩት። ሚስተር ሃርባንስ ቢጽፍ የሚጽፈውን ነው የጻፍኩት። «የጅማ ሕዝብ እንደ አባት ያየኛል። ተማሪዎቼ ጥምጥሜን እንደ ዘውድ ያከብሩታል።» ጮክ ተብሎ ሲነበብ አንድ ሽማግሌ ፕሮፌሰር እንባቸውን ጠረጉ።

አሁን ግን አንዲት ችግር ገጠመችኝ። ኮሚቴው በጣም ስለተነካ የምስጋና ደብዳቤ በትምህርት ቤቱ አድራሻ ልኮለታል። እባክሽ ደብዳቤው ሳይደርስ ሚስተር ሃርባንስን አግኝተሽ «አዎ፣ ጽፌያለሁ» እንዲል አግባቢልኝ። ማንንም የሚጎዳ ነገር አይደለም። እርሱም ተመስግኗል፣ እኔም አላፈርኩም፣ አንቺም ለእኔ ስትይ ታርቀሽ ትምህርትሽን ትቀጥያለሽ።

ወንድምሽ ደምመላሽ

*

ጅማ
ታኅሣሥ 8 ቀን 1962

ደምመላሽ

ጋሼ የምትለዋ ቃል ዛሬ አልመጣ አለችኝ፣ ስትመጣ እልክልሃለሁ። እማዬ ጤና ይስጥልኝ ብላሃለች። ደብዳቤህን ሳነብላት «የሰለመ ይሻል ነበር» አለች።

ቅዳሜ ኅዳር 13 ከድጃ በአጥሩ ቀዳዳ እዪ ብላ ወሰደችኝ። ሚስተር ሃርባንስ ደረጃ ላይ ተቀምጦ፣ ሰፌድ ጭኑ ላይ አድርጎ የመቶ ሰው ምስር ብቻውን ይለቅማል። ጠጠሩን ትቶ ምስሩን ይጥላል። እኔ ስድስት ወር ሙሉ ጥቁር ፍሬ ስለይ የኖርኩ ሰው ነኝ። አሳዝኖኝ አይደለም፣ ሥራው ነው ያቃጠለኝ። በሩን ከፍቼ ገባሁ፣ ሰፌዱን ከጭኑ ላይ ወሰድኩት። አየኝ። ግማሹን ከለቀምኩ በኋላ «ነገ የሚመጣ ሰው የለም» አልኩት።

«ለምን?»

«ሙስሊሙ ቀን አይበላም፣ ክርስቲያኑ ሥጋ ላይ ነው።»

ብዙ አሰበና ምን ቢል ጥሩ ነው? «መንገዱን አሳይ።»

ልሄድ ተነሥቼ ነበር። ከዚያ እልህ ያዘኝና እንጨት አንሥቼ መሬቱ ላይ ጻፍኩለት። ይሄ የክርስቲያኑ ነው፣ ይሄ የሙስሊሙ። ሰኞ ክርስቲያኑ ጾም ይይዛል፣ ሥጋና ቅቤ አይነካም። ሰኞ ጀንበር ስትጠልቅ ሙስሊሙ ያፈጥራል። ያንተ ምግብ ሥጋ የለውም፣ ስለዚህ ማን አረደው የሚል የለም። ቅቤውን ተወውና በኑግ ዘይት ሥራው። ድስቱ ሥጋ ነክቶት የማያውቅ አዲስ ይሁን። ሰኞ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ አንድ ድስት፣ ሁለቱም ይበላሉ። ጎንበስ ብሎ አየ፣ ጥምጥሙ አሁንም ዓይኔ ስር ነበር፣ እጄን ከኋላዬ ደበቅኩ። እንጨቱን ተቀበለኝና ከሥሩ የ«ልክ ነው» ምልክት አደረገበት።

አዲሱን ድስት ከቆርቆሮ ሠሪ ተዋስን። ግን ሰውየው ያለው አንዲት የላምባ ምድጃ ናት፣ ያንን የሚያህል ድስት የሚጣደው ጉልቻ ላይ ነው። ሰኞ ጠዋት እኔና ከድጃ አዌቱ ወንዝ ወርደን ድንጋይ መረጥን። ትልቁን ትከሻዬ ላይ አድርጌ በመርካቶ በኩል ወጣሁ፣ ከድጃ ሁለተኛውን ይዛ ከኋላዬ ታቃስታለች። ሦስተኛውን ተመልሰን ልንወስድ ነው። ግቢው በር ላይ ማን ቆሟል? ዲሬክተሩ። ከእሑድ የተዛወረውን ግብዣ ሰዓት ሊጠይቅ መጥቶ ከሚስተር ሃርባንስ ጋር ያወራል።

ዲሬክተሩ ድንጋዩን ትከሻዬ ላይ ሲያይ ባርኔጣውን አወለቀ። ለሕንዱ ወጉን ድሮ አስረድቶታል መሰለኝ፣ «አየህ፣ መጣች» አለው። ሚስተር ሃርባንስ ቶሎ ቶሎ እየተራመደ መጣ፣ ድንጋዩን በሁለት እጁ ከትከሻዬ አወረደና «ይቅር» አለ። ሌላ አማርኛ አልመጣለትም። ዓይኑ ቀልቷል። ዲሬክተሩ «ከነገ ወዲያ ዩኒፎርምሽን ለብሰሽ ነይ» አለኝና ወደ ከድጃ ዞረ፣ «አንቺስ ምን አጥፍተሽ ነው?»

«ወላሂ ምንም። እስዋን ላግዛት ብዬ ነው» አለች ከድጃ።

«ለድስቱ ነው» የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር። እኔ አፌን ይዤ እንደማላውቅ ታውቃለህ። ያን ቀን ያዝኩት።

ሰዉ መጣ፣ ማየት ስለሚወድ ነው እንጂ ለናናክ ብሎ አይደለም። ጫማ በር ላይ ተከመረ። ራሱን ያልሸፈነ አይገባም ስለተባለ ዲሬክተሩ መሐረቡን አራት ጫፉን ቋጥሮ ጭንቅላቱ ላይ ደፋ፣ ያንን ብቻ ለማየት መምጣት ይገባህ ነበር። አዛን ሲል አባዬና የከድጃ አባት ጎን ለጎን መሬት ላይ ተቀምጠው ካንድ ድስት በሉ። አሥራ ሁለት ዓመት ጎረቤት ናቸው፣ ከተማው የሚጠራበት ሰርግ ቀርቶ ልቅሶ ላይ እንኳ ድስታቸው አንድ ሆኖ አያውቅም። ምስሩ አሯል። ቂጣው ጫማ ነው። ሁሉም ግን ደገመ።

ኅዳር 17 ክፍል ገባሁ። ሰባተኛው ጥያቄ ዓይነት ሲመጣ መንገዱን እያሳየሁ ሠራሁ። ሃያ ቀን ማንም ምንም አላለኝ።

ከዚያ ያንተ ደብዳቤ መጣ። «ጥምጥሜን እንደ ዘውድ ያከብሩታል» የሚለው ጋ ስደርስ ሳቄ አፈነኝ። ይሄ ቀጣፊ፣ የሰው ፊርማ የሚሠራ ሌባ ብዬ በአባትህም በእናትህም ጠራሁህ። ከድጃ እስክጨርስ ሰማችኝና «ድንጋዩስ?» አለች። ይህን ብቻ። ሳቁ ቆመ። አንተ ያልተጻፈ ደብዳቤ አነበብክ፣ እኔ ያልጠየቅኩት ይቅርታ በላሁ። ልዩነታችን አንተ ወረቀት ማባከንህ ነው። ካንተ ጋር አንድ ሰፌድ ላይ ከምለቀም ዕድሜዬን ሙሉ ቡና ብለቅም ይሻለኛል አልኩ።

ትናንት ከነከድጃ ግቢ ትልቁን ጉልቻ አነሣሁ። ጥላሸት ነው። ነጩ ሸሚዜ ላይ ተሸክሜው ትምህርት ቤት ሰልፍ መሀል ገባሁና ተንበረከክኩ። «ያን ቀን ድንጋዩ ለድስቱ ነበር» አልኩት ሚስተር ሃርባንስን፣ በተማሪው ሁሉ ፊት። «ይሄ ለጥምጥምዎ ነው። አጥፍቻለሁ።»

ዲሬክተሩ አታለለችን፣ ስሟን እሰርዛለሁ እያለ ጮኸ። ሚስተር ሃርባንስ ግን አልመጣም። ባለበት ቆሞ ያየኛል። ባንዲራው ተሰቀለ፣ መዝሙሩ ተዘመረ፣ ስም ተጠራ፣ እኔ ድንጋዬን ይዤ እዚያው ነኝ። ትከሻዬ ሲንቀጠቀጥ ነው የመጣው። አወረደልኝ። እጁ፣ ሸሚዙ፣ ጺሙ ሁሉ ጠቆረ።

«ከባድ ነው» አለ።

«ነው» አልኩት።

ድንጋዩን ይዞ ቀጥታ ዲሬክተሩ ቢሮ ገባና ተፈታኞቹ የተጻፉበት ወረቀት ላይ አስቀመጠው። «ሸዋረገጥ እስክትጻፍ አይነሳም» አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሴት ጠራኝ። ዲሬክተሩ ጥላሸቱን እያየ እስከ ምሳ ታገሠ። ከምሳ በኋላ ጻፈኝ።

ያንተንም ደብዳቤ ለሚስተር ሃርባንስ አነበብኩለት። እንዳትደነግጥ፣ አልተቆጣም። የምስጋናው ደብዳቤ ሲደርስ መልሱን ራሴ እጽፋለሁ አለ። ምን እንደሚጽፍ አልጠየቅኩትም። የሱ ፖስታ ሳይቀድምህ ኮሚቴህን ሰብስበህ ማን እንደጻፈው ንገራቸው፣ አልቃሹን ፕሮፌሰር ጨምረህ።

እዚያ አገር የሚሸከሙት ድንጋይ ካጣህ ጻፍልኝ፣ ሁለት ጉልቻ ቀርቶናል።

የሸማኔው ልጅ
ሸዋረገጥ